ለእናት ለአባት የቱ ስልክ፣ የቱ አፕ፣ ብሩስ በምን ይላክ?

ድሬዳዋ ውስጥ ስልክ መነካካት ትችላለህ ከተባልክ አለቀልህ። ሳቢያን ብትሄድ፣ ከዚራ ብትቀመጥ፣ አንድ ሰው ጠጋ ይልና «ለእናቴ ምን ስልክ ልግዛላት?» ይላል። የስልኩን ስም ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። እናትህ ማን ነው የሚደውልላቸው? ጅዳ ያለች ልጅ ናት ወይስ ገንደ ቆሬ ያለች እህት? ማንበብ ይችላሉ? ጡረታቸው በባንክ ነው የሚገባው? ሱቅ አላቸው? ከቤት ብዙ ይወጣሉ? እነዚህ ካልተመለሱ የስልኩ ዓይነት ወሬ ብቻ ነው። ብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ልጁ አዲስ ይገዛና አሮጌውን ለእናቱ ይሰጣል፣ ከዚያ «አይገባትም» ይላል።

ስለዚህ አማራጮቹን ልደርድር፣ የቱ ለማን እንደሚሻል የመሰለኝንም ልናገር።

ባለ ቁልፍ ወይስ ታች (ስክሪኑ የሚነካ)?

ባለ ቁልፉን የሚንቅ ሰው መብራት ሲጠፋ ምን ይዞ እንደሚያመሽ አላውቅም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። ሲወድቅ ባትሪው ይወጣል፣ መልሶ መክተት ነው። ቁልፉ በጣት ይዳሰሳል፤ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት ነክቶ ሌላውን ቁጥር ማግኘት ይቻላል፣ ይሄ ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቴክኖና አይቴል አማርኛ ሜኑ ያለው አላቸው። አብዛኞቹ ላይ አንድ ቁጥር ተጭኖ በመያዝ ብቻ መደወል ይቻላል፤ 2 ለትልቁ ልጅ፣ 3 ለጎረቤት፣ 4 ለባጃጁ ልጅ ብላችሁ ሙሉላቸው። ማንበብ ለማይችሉ እናት ከዚህ የሚቀል የለም። ደግሞም በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚዞረው የማታለያ ሊንክ እዚህ ስልክ ላይ የሚከፈትበት መንገድ የለውም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። የልጅ ልጅ ፊት አይታይበትም። ውጭ አገር ያለ ልጅ ደግሞ በቀጥታ ሲደውል ሂሳቡ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ጥሪው ያጥራል፣ ከዚያ ይራራቃል። ልጆቿ ዓረብ አገር ያሉባት እናት ታች ስልክ የምትፈልገው ለፋሽን አይደለም።

ታች ስልክ ከመረጣችሁ ሦስት ነገር እዩ። ስክሪኑ ሰፊ ይሁን። ድምፁ ከፍ የሚልና የማይንኳኳ ይሁን፣ ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ውጭ መንገድ ላይ አስጩሁት። ማከማቻው 64 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ የዘመድ ግሩፕ የሚልከው የሰርግና የመንዙማ ቪዲዮ ትንሹን ስልክ በአጭር ጊዜ ሞልቶ ያንቀዋል። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው የሚለውን ለእናንተ ተዉት።

በመሃል ሦስተኛ አማራጭ ነበረ፣ ባለ ቁልፍ ሆኖ ዋትስአፕ የሚሠራ። አሁንም ገበያ ላይ ይታያል፣ ሻጩም «ዋትስአፕ አለው» ይላችኋል። አትግዙት። ካይ ኦኤስ የሚባለው የነዚህ ስልኮች ሲስተም ላይ ዋትስአፕ ማውረድ በፈረንጆች 2024 ቆሟል።

ሁለቱንም መስጠትስ? እኔ ለብዙ ቤት የምመክረው ይሄንኑ ነው። ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ ፋይዳውም የተመዘገበበት የድሮው 09 ቁጥር ባለ ቁልፉ ላይ ይቀመጥ። ታች ስልኩ ላይ ሌላ ሲም ይግባ፣ ዋትስአፑም ኢሞውም በሱ ይከፈት። አንድ ቀን ዋትስአፑ ቢጠለፍ እንኳ ብሩ ያለበት ቁጥር ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛ ሲም ለማግኘትም ድሬ አይቸገርም። ሳፋሪኮም ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ነው፣ አዲስ አበባ ሳይገባ። 07 ቁጥር የያዙ ሽማግሌ ብርቅ አይደሉም። ግን አባትህ መነጽራቸውን እንኳ የት እንዳደረጉ የሚጠፋባቸው ከሆነ ሁለት ስልክ ሁለት ራስ ምታት ነው። ለሳቸው አንድ ይበቃል።

ሲሙን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ፣ የትኛውንም ብትመርጡ። ቁጥሩ በራሳቸው ስም ይውጣ። በልጅ ስም የወጣ ሲም ሲጠፋ ተክቶ ለማውጣት ልጁ መታወቂያውን ይዞ መምጣት አለበት፣ ልጁ ደግሞ ቤይሩት ነው።

አዲስ፣ የልጅ አሮጌ ወይስ ከታይዋን ገበያ?

እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስልክ ርካሽ ነው፣ ይሄን የማያውቅ የለም። ያገለገለም ይገኛል። ችግሩ ዋስትናው ሻጩ ቆሞ እስካለ ድረስ መሆኑ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት መውጣቱን እዩ። ካልወጣ ስልኩ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሲጸዳ የማታውቁትን ሰው ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ጌጥ ነው።

የልጅ አሮጌ ስልክ ነፃ ነው፣ ግን ካልተጸዳ ጣጣው ብዙ ነው። የልጁ አካውንት፣ የልጁ ፎቶ፣ የልጁ ጓደኞች ቁጥር ሁሉ እናትየው እጅ ይገባል። እሳቸው ሲሰርዙት ደግሞ ከልጁም ይጠፋል። አጽዱት፣ በራሳቸው ስም አዲስ አካውንት ክፈቱላቸው፣ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፋችሁ ከልደት ካርዱና ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡ። ከአንድሮይድ 5 በታች የሆነ ከሆነ ዋትስአፕ አይቀበለውም፣ አትድከሙ።

አዲስ ርካሽ ስልክ እና ጥሩ አሮጌ ስልክ ቢቀርቡልኝ፣ እኔ በባትሪው ነው የምፈርደው። የድሬ ሙቀት ለባትሪ ጠላት ነው። ብዙ አምራቾች ስልክ ከ35 ዲግሪ በላይ ባለ ቦታ እንዳይሠራበት ይመክራሉ፣ ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ድሬ የት እንደምትደርስ ታውቁታላችሁ። አሮጌ ባትሪ እዚህ ቶሎ ይዳከማል፣ አንዳንዱም ያብጣል። ጀርባው የተነፋ ስልክ ለማንም አይሰጥም። እናትየውንም ሁለት ነገር ብቻ ንገሯቸው፤ መስኮት ላይ ፀሐይ እንዳይመታው፣ ትራስ ሥር አድርገው ቻርጅ እንዳያደርጉ። ሐረር ላላችሁ ይሄ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ እናንተ አየሩ ያደላችሁ ናችሁ።

ስልኩ በእጅ ከገባ በኋላ

ፊደሉን አተልቁ። የአዶዎቹንም መጠን እንዲሁ፣ ሁለቱ የተለያየ ቦታ ነው የሚስተካከሉት። ሳምሰንግ ከሆነ «ኢዚ ሞድ» የሚባል አለው፣ እሱን ማብራት ብቻ ይበቃል። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ የሚያቆዩ ከሆነ፣ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ተጭኖ የመያዣውን ጊዜ አርዝሙት። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። እናትየው አንድ ነገር ልንካ ሲሉ ሌላ ነገር የሚከፈትባቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፣ ባለመቻል አይደለም። ጣት ሲደርቅ ደግሞ ስክሪኑ ጨርሶ አይሰማም፤ እጅን ትንሽ ማርጠብ ወይም ቅባት መንካት ይረዳል።

ቋንቋውን እነሱ ይምረጡ። የናንተ ምቾት አይወስን። ድሬ ነው ይሄ፤ ኦሮምኛ የሚቀናቸው አሉ፣ ሶማሊኛ የሚቀናቸው አሉ፣ ፈረንሳይኛ አድርጉልኝ የሚሉ የምድር ባቡር ጡረተኛም ታገኛላችሁ። አድርጉላቸው! ብቻ ከሩቅ ሆኖ በስልክ የሚረዳቸው ልጅ የራሱንም ስልክ ለጊዜው ወደዚያው ቋንቋ ይቀይር፣ አለበለዚያ «ሴቲንግ የሚለውን ንኪ» ሲል እሳቸው ስክሪን ላይ ያ ቃል የለም።

መቆለፊያውስ? የጣት አሻራ ለወጣት ፈጣን ነው፤ ዕድሜ ልክ ልብስ ያጠበ፣ ብረት የያዘ፣ ድንጋይ የጠረበ እጅ ግን አሻራው ስለሚፈዝ አስር ጊዜ እምቢ ይላል። ፊት የሚያየው በርካሽ ስልክ ላይ አስተማማኝ አይደለም፣ አንዳንዱ በፎቶም ይከፈታል። መስመር መሳሉ የጣት ቅባት ስክሪኑ ላይ ትቶ ያጋልጣል። ስለዚህ ቁጥር። የልደት ዓመት አይሁን፣ 1234ም አይሁን።

ዋትስአፕ፣ ኢሞ፣ ቴሌግራም

እዚህ ላይ ምርጫው የናንተ አይደለም፣ የልጆቹ አገር ነው። ዱባይ ያለች ልጅ ዋትስአፕ ላይ መጻፍ ትችላለች፣ ጥሪው ግን እዚያ ታግዷል፤ ስለዚህ ቦቲም የሚባለውን የጥሪ አፕ ትጠቀማለች። ጥሪው ባልታገደበት አገር ላሉት ዋትስአፕ ይበቃል። ኢሞ ኔትወርክ ሲደክም ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ማስታወቂያው ግን ይረብሻል፣ የማያውቁት ሰው ጥሪም ይበዛበታል። ምርጫ ካላችሁ ዋትስአፕ ይቅደም። ቅንብሩ ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር ጥሪን ዝም የሚያሰኝ አለ፣ አብሩት። ግሩፕ ውስጥ ማን ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን ለሚታወቁ ሰዎች ብቻ አድርጉት። ባለ 6 አሃዙን ሁለተኛ ማረጋገጫ ሙሉ። ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ፣ ፓኬጁ ሳይታወቅ ያልቃልና።

ቴሌግራምን ለሽማግሌ ብዙም አልወድም። ቻናሉ ጥሩ ነው፣ ለዜናም ለስብከትም። ነገር ግን ማንም የማያውቅህ ሰው ግሩፕ ውስጥ ይከትሃል፣ «በቀን ይሄን ያህል ብር» የሚለውም፣ የውሸት ባንክ አፑም፣ የሐሰት ዕጣውም እዚያ ነው የሚፈላው። አባትየው የግድ ካሉ ጫኑላቸው፣ ግሩፕ የመጨመሩን ፈቃድ ግን ዝጉት።

ማንበብ ለሚቸግራቸው ደግሞ የድምፅ መልእክት አለ። እሱን ብቻ አስተምሩ። ማይኩን ተጭኖ ይዞ መናገር፣ ከዚያ መልቀቅ። ከዚህ ሌላ የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አያስፈልግም። የሚያነቡ ግን መጻፍ የሚታክታቸው ደግሞ በጉግል ኪቦርድ በአማርኛ ተናግረው ማስጻፍ ይችላሉ፤ ጉግል አማርኛን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰማል፣ የድሬን አነጋገር አንዳንዴ ቢስትም።

ብሩ በምን ይሂድ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። አራት መንገድ አለ፦ የቴሌብር አፕ፣ *127#፣ ወኪል ጋ ሄዶ፣ ወይም ልጅ ያድርግላቸው።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ብዙ ቤት የሚደረገው እሱ ስለሆነ። እናትየው ፒናቸውን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለሠራተኛ ይነግራሉ፣ ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ብር ሲጎድል ቤት ይበጣበጣል፣ ማን እንደወሰደ አይታወቅም፣ ያልወሰደውም ይጠረጠራል። ሌባ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ደግሞ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ፤ የራሳቸው ብር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ልጅ እስኪመጣ የሚጠብቁ እናት፣ ሱቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ የቀፊራን ገበያ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሂሳብ አይጠፋባቸውም። የሚጠፋባቸው ሜኑው ነው። እና ሜኑው ይማራል።

ወኪሉ ጥሩ ነው ብር ለማስገባትና ለማውጣት። ግን «ልጄ አንተ ምታልኝ» ብሎ ፒን መንገር የለም። ስልኩን አሳልፎ መስጠትም የለም። ወኪሉ ደግ ቢሆን እንኳ ከኋላ የቆመው ይሰማል።

*127# ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባለ ቁልፍ ላይ ይሠራል። ጉድለቱ ትዕግሥት የለውም፤ እያነበቡ ሲዘገዩ ይዘጋና ከመጀመሪያው ያስጀምራል። መፍትሔው ወረቀት ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ ቀሪ ሂሳብ ለማየት፣ የሚመቱትን ቁጥር በቅደም ተከተል በትልቁ ጻፉላቸው፣ ፒኑን ሳይጨምር። ብዙ ስልክ ላይ ፒኑ ሲጻፍ በግልጽ ይታያል፣ ስለዚህ ሰው መሃል አይመታም።

አፑ ከሁሉም የሚመቸው ማንበብ ለሚችሉ ነው። የሚላክለትን ሰው ስም ከመላኩ በፊት ያሳያል፣ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም አለው፣ የመብራት ሂሳብ ይከፈልበታል። ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይጫን። በቴሌግራም የተላከ «አዲሱ ቴሌብር» የሚባል ፋይል አይነካም።

የኔ ድርደራ ይሄ ነው፦ ታች ስልክ ላላቸውና ለሚያነቡ አፑ፣ ለሌሎች *127#፣ ወኪል ለጥሬ ብር ብቻ፣ ልጅ ደግሞ አጠገብ ተቀምጦ እያየ እንጂ እየነካ አይደለም። ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በሳፋሪኮም ቁጥር ይሠራል። የሚከፍሉትና የሚቀበሉት ሰው ሁሉ በዚያ ካልሆነ በቀር ለሽማግሌ ሁለት ዋሌት አልመክርም።

የቱንም ብትይዙ ጡረታው ባንክ ይቀመጥ፣ ቴሌብር ውስጥ የወር ወጪ ብቻ ይግባ። ቢሰረቅም የሚሰረቀው ያቺው ናት።

ሱቅ ላላቸው እናቶች ለብቻ፦ ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ የራሱን ስክሪን ቢያሳይ አይበቃም። የሐሰት ስክሪን የሚሠራ አፕ አለ። የራሳቸው ስልክ ላይ መልእክት እስኪገባ፣ ቀሪ ሂሳባቸውም እስኪጨምር ዕቃው ከመደርደሪያ አይወርድም። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ፣ አቦ!

አጭበርባሪው እንዴት ይመጣል?

ይሄን ቡና ላይ ተረኩላቸው። ማስፈራራት አያስፈልግም፣ የሌባ ወሬ ሁሉም ይወዳል። አንዱ «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ መልሱልኝ» ይላል፣ ከዚያ በፊት የውሸት መልእክት ከተራ ስልክ ቁጥር ልኳል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ይታያል፣ ካልጨመረ ወሬ የለም። አንዱ ከባንክ ነኝ፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው ይላል፣ በጣም ትሁት ነው፣ «እማማ» ይላቸዋል። አንዱ ዕጣ ወጣልዎ ይላል። ሌላው ከፋይዳ ነኝ ብሎ በመልእክት የገባውን ቁጥር ይጠይቃል። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፤ ቁጥር ንገሩኝ፣ ወይም ይሄን ኮድ ምቱ። በመልእክት የገባ ቁጥር ለማንም አይነገርም፣ ለልጅም። በ*21* የሚጀምር ኮድ አስመትተዋቸው ከሆነ ጥሪያቸው ወደ ሌባው ሊዞር ይችላል፤ ##002# ብሎ መደወል የጥሪ ማዞሪያን ሁሉ ይሰርዛል።

«ልጄን ጠይቄ እደውላለሁ» ብለው ስልኩን እንዲዘጉ አለማምዷቸው። መዝጋት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ የተከበረ ሰው ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብለው ስላደጉ። ይሄ ልምምድ ይፈልጋል፤ እናንተው ሌባ ሆናችሁ ደውሉላቸው፣ ይሳቃልም።

ማን ያስተምር?

ወጣት የልጅ ልጅ ያውቃል ግን ይቸኩላል፣ ስልኩን ነጥቆ «ይኸው» ይላል፣ እሳቸው ምንም አላዩም። ስልክ የሸጠው ልጅ ይረዳል ግን ፒናቸውን ማየት የለበትም። እኔ የምመርጠው የዕድሜ እኩያ ነው፤ ጎረቤት ያሉ፣ ቀድመው የለመዱ እናት ካሉ በቡናው ሰዓት ያሳዩአቸው። እኩያ አያሳፍርም። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ ከምሳ በኋላ ድሬ ማንም ምንም አይማርም፣ ወይ እንቅልፍ ነው ወይ በርጫ ነው።

ብር ከሄደ

ቴሌብር ከሆነ ወዲያው 127 ይደወል፣ ባንክ ከሆነ ባንኩ። ሲሙ ከጠፋ 994 ለኢትዮ ቴሌኮም፣ 700 ለሳፋሪኮም፣ እንዲታገድ። እነዚህ ቁጥሮች ከማቀዝቀዣው ላይ ወይም ከበሩ ጀርባ በትልቁ ተጽፈው ይለጠፉ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አይገኝምና። የገባው መልእክት አይሰረዝ፤ የዝውውሩ ቁጥር፣ ሰዓቱና የተላከበት ስልክ እዚያ ላይ ነው ያለው፣ ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እና አትጮሁባቸው። የተጮኸባቸው እናት ሁለተኛ ጊዜ ቢታለሉ አይነግሯችሁም፣ እናንተም የምትሰሙት ሂሳቡ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።